አልበርት ናማትጂራ

አልበርት ናማትጂራ (ሐምሌ 21 ቀን 1894 ዓ.ም. – ነሐሴ 2 ቀን 1951 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁላይ 28 ቀን 1902 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1959) ከመካከለኛው አውስትራሊያ የአረርንተ ሕዝብ የተወለደ ሰዓሊ ነበር። በውሃ ቀለም በሳላቸው የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ይታወቃል። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በአህጉሩ ይኖሩ ከነበሩት ነባር ሕዝቦች ማለትም ከአቦርጂናሎች መካከል በሰዓሊነቱ በመላ አውስትራሊያ ዝናን ያተረፈ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ናማትጂራ የሳላቸው ተራሮች፣ ሸለቆዎችና ዛፎች ከአባቶቹ የወረሳቸው ሥፍራዎች ነበሩ። ሥዕሎቹ በብዙ አውስትራሊያውያን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሳለ እሱ ራሱ በተወለደበት ግዛት መሬት እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። ከሞተም በኋላ የሥዕሎቹ የቅጂ መብት ለ34 ዓመታት ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ቆይቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ናማትጂራ የተወለደው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተ ምዕራብ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው ሄርማንስበርግ ነው። የቦታዋ የአረርንተ ስም ንታሪያ ይባላል። ሄርማንስበርግ በፊንክ ወንዝ ዳር በ1877 ከጀርመን በመጡ የሉተራን ሚስዮናውያን የተቋቋመች ጣቢያ ነበረች።

ሲወለድ የወጣለት ስም ኤሊያ ነበር። ወላጆቹ ክርስትናን ሲቀበሉ እሱም በ1905 ተጠምቆ አልበርት ተባለ። ናማትጂራ የአባቱ ስም ነው። አረርንተዎች በዚያ ዘመን የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ አልበርትም ሰዓሊ ሆኖ በአደባባይ ሲታወቅ፣ ልክ እንደ ኢትዮጵያውያን ልማድ፣ የአባቱን ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ መጻፍ ጀመረ። በኋላ ይህ ስም ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በሚስዮኑ ሥርዓት መሠረት ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በማደሪያ ቤት ይኖሩ ስለ ነበር፣ ትምህርቱንና የክርስትናን ሃይማኖት የተማረው በዚያ ነው። ወደ 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን እንደ ሕዝቡ ወግ ከማደሪያው ወጥቶ ወደ በረሃ ሄደ። እዚያም አንድ የአረርንተ ልጅ ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገርበትን ሥርዓት ፈጽሞ የአገሩን ታሪኮች፣ ዜማዎችና ሕጎች ከሽማግሌዎች ተማረ።

በአረርንተ እምነት ምድሪቱን የሠሯት በጥንት ዘመን በላይዋ ይመላለሱ የነበሩ ቀደምት አባቶች ናቸው። ተራሮች፣ ገደሎች፣ ምንጮችና አንዳንድ ዛፎች የእነዚህ ፍጡራን ዱካ ወይም አካል እንደሆኑ ይታመናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በትውልዱ የሚወርሰው የተወሰነ ሥፍራ አለው፤ የሥፍራውን ታሪክ ማወቅ፣ ዜማውን መዘመርና ቦታውን መጠበቅም ግዴታው ነው። በናማትጂራ ሥዕሎች ውስጥ እየተደጋገመ የሚታየው ሰንሰለታማ ተራራ በአውሮፓውያን ምዕራብ ማክዶኔል፣ በአረርንተ ደግሞ ጆሪትጃ የሚባለው ሲሆን፣ ናማትጂራና ዘመዶቹ በዚህ መንገድ የሚጠሩበት አገር ነው።

ጋብቻና የሥራ ሕይወት

በ18 ዓመቱ ገደማ የኩካጃ ተወላጅ የሆነችውን ኢልካሊታን አገባ። የአረርንተ ሕግ ማን ከማን ጋር መጋባት እንደሚችል በጥብቅ የሚወስን ሲሆን፣ የእነሱ ጋብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነበር። በዚህ ምክንያት ባልና ሚስቱ ከማኅበረሰቡ ርቀው ለጥቂት ዓመታት ለመኖር ተገደዱ። በእነዚህ ዓመታት ናማትጂራ በግመል ነጂነት እየሠራ ሰፊውን የመካከለኛው አውስትራሊያ ምድር ተዘዋውሮ አየ።

በ1923 ቤተሰቡ ወደ ሄርማንስበርግ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ኢልካሊታም ተጠምቃ ሩቢና ተባለች። ናማትጂራ ልጆቹን ለማሳደግ በአንጥረኛነት፣ በአናጢነት፣ በከብት ጠባቂነትና በግመል ነጂነት ሠርቷል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ጽኑ ድርቅ ገባ፤ በምግብ እጥረትና በበሽታ ብዙ የሄርማንስበርግ ልጆች አለቁ። ከ1926 ጀምሮ የሚስዮኑ ኃላፊ የነበረው ፓስተር ፍሪድሪክ ቪልሄልም አልብሬክት ለነዋሪዎቹ መተዳደሪያ የሚሆን የእጅ ሥራ እንዲስፋፋ ጥረት አደረገ። ናማትጂራም በዚህ ጊዜ በእንጨት ሰሌዳዎችና በቡመራንጎች ላይ በጋለ ብረት ምስል እያወጣ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የጥበብ ሥራዎቹ እነዚህ ናቸው።

የውሃ ቀለም ትምህርት

በ1934 ሬክስ ባተርቢና ጆን ጋርድነር የተባሉ ሁለት የሜልበርን ሰዓሊዎች በአካባቢው የሳሏቸውን የውሃ ቀለም ሥዕሎች በሄርማንስበርግ ለሕዝብ አሳዩ። የሚስዮኑ ነዋሪዎች በየቀኑ የሚያዩአቸውን ተራሮች በወረቀት ላይ በቀለም ተሥለው ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ናማትጂራ ይህን ካየ በኋላ እሱም ተመሳሳይ ነገር መሥራት እንደሚችል አመነ፤ ሥራው ከጉልበት ሥራ የተሻለ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችልም ተረዳ።

ባተርቢ በ1936 ተመልሶ ሲመጣ ሁለቱ ተስማሙ፤ ናማትጂራ ግመሎቹን እየነዳ መንገድ ሊመራው፣ ባተርቢ ደግሞ በምትኩ ሥዕል ሊያስተምረው። እያንዳንዳቸው አንድ ወር ያህል በፈጁ ሁለት ጉዞዎች ወደ ፓልም ሸለቆና ወደ ማክዶኔል ተራሮች ሄዱ። ባተርቢ ስለ ቀለም አቀላለቅና ስለ ወረቀት አያያዝ አስተማረው። ተማሪው ግን ቦታዎቹን ከአስተማሪው ይልቅ ያውቃቸው ነበርና፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያሳየው ችሎታ ባተርቢን አስገረመው። በ1937 ባተርቢ በአዴሌይድ ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ የናማትጂራ ሥራዎችም አብረው ቀረቡ።

ዝና

የናማትጂራ የመጀመሪያው የግል ዐውደ ርዕይ በ1938 በሜልበርን ተከፈተ። የቀረቡት 41 ሥዕሎች በሙሉ በሦስት ቀን ውስጥ ተሸጡ። በሚቀጥለው ዓመት የደቡብ አውስትራሊያ የሥዕል ቤተ መዘክር አንድ ሥዕሉን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሊስ ስፕሪንግስ የሰፈሩ ወታደሮች ሥዕሎቹን ስለሚፈልጉ ገበያው እየሰፋ ሄደ። በ1944 የአገሪቱን ታዋቂ ሰዎች በሚዘረዝረው የአውስትራሊያ የታዋቂ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። ከጦርነቱ በኋላ በትልልቅ ከተሞች ያደረጋቸው ዐውደ ርዕዮች በአጭር ጊዜ የሚሸጡ ሆኑ፤ የሥዕሎቹም የታተሙ ቅጂዎች በየትምህርት ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ተሰቀሉ።

በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ሜዳልያ ተሰጠው፤ በ1954 ንግሥቲቱ አውስትራሊያን ስትጎበኝ በካንቤራ ቀርቦ ከእሷ ጋር ተዋወቀ። በ1956 ዊሊያም ዳርጊ የተባለው ሰዓሊ የሳለው የናማትጂራ ምስል የአርቺባልድ ሽልማትን አገኘ። የአንድ አቦርጂናል ሰው ምስል በአውስትራሊያ ታዋቂ የሆነውን ይህን የቁም ሥዕል ሽልማት ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር።

የሥዕሎቹ ይዘት

ናማትጂራ በሕይወት ዘመኑ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን እንደሳለ ይገመታል። በብዛት የሚታዩት ሰማያዊና ሐምራዊ ተራሮች፣ ቀይ አፈር፣ የደረቁ የወንዝ አሸዋዎችና ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች ናቸው። እነዚህ ዛፎች ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው ከሚታወቀውና መነሻው አውስትራሊያ ከሆነው ባሕር ዛፍ ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ዛፍ ከፊት በአንድ ወገን ይቆማል፤ ከኋላው ሜዳው ይዘረጋል፤ ተራራው ዳር ላይ ይታያል። ሰው በብዛት አይታይባቸውም።

በሕይወት ሳለ ገዢዎች ሥዕሎቹን ቢወዱም ብዙ የጥበብ ሐያስያን ግን አላከበሯቸውም። አንዳንዶቹ የአውሮፓን አሳሳል በደንብ የገለበጠ ሰው ብቻ አድርገው አዩት፤ ሌሎቹ ደግሞ እውነተኛ የአቦርጂናል ጥበብ በቅርፊትና በድንጋይ ላይ የሚሳለው ብቻ ነው ብለው ስለሚያምኑ የእሱ ሥራ የባህሉ መጥፋት ምልክት መሰላቸው። ከአዴሌይድ በቀር ትልልቆቹ የሥዕል ቤተ መዘክሮች ሥራዎቹን ለመግዛት ለረጅም ጊዜ አመነቱ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አመለካከት ቀይረውታል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ናማትጂራ ደጋግሞ የሳላቸው ቦታዎች በአረርንተ ባህል ትርጉም ያላቸውና እሱና ዘመዶቹ በውርስ የሚጠብቋቸው ናቸው። የአረርንተ ቅዱሳት ምልክቶች ሥርዓቱን ላልፈጸመ ሰው እንዲታዩ አይፈቀድም። የተራራውን መልክ መሳል ግን ምሥጢሩን ሳይገልጡ አገሩን በአደባባይ ለማሳየት ያስችላል። ለማያውቀው ተመልካች ውብ መልክዓ ምድር ብቻ የሆነው ሥዕል ለአረርንተ ሰው የሚያውቀው ቦታና የሚያውቀው ታሪክ ነው። ሬውትየፕመ ወይም በአውሮፓውያን አጠራር ሶንደር የተባለውን ተራራ በተለያየ ሰዓትና ብርሃን ብዙ ጊዜ መሳሉም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

መሬትና ሕግ

ሥዕል ናማትጂራን ከአካባቢው ሰው ሁሉ የላቀ ገቢ አስገኘለት። ነገር ግን በአረርንተ ሕግ አንድ ሰው ያገኘውን ከዘመዶቹ ጋር የመካፈል ግዴታ አለበት። ገቢው በጨመረ ቁጥር በእሱ የሚተዳደሩት ሰዎች ቁጥርም ጨመረ፤ ስለዚህ ቋሚ ሀብት ለመፍጠር አስቦ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከብት የሚያረባበት መሬት ለመከራየት አመለከተ። አልተፈቀደለትም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ቤት ለመሥራት ሲሞክርም አቦርጂናል በመሆኑ ተከለከለ። ገቢውን በተመለከተ ግን ግብር እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። ቤተሰቡም ከከተማው ውጭ ሞሪስ ሶክ በተባለ ሰፈር በድንኳንና በዳስ ይኖር ነበር።

በ1957 በሰሜናዊው ግዛት የደህንነት ድንጋጌ የተባለ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ሞግዚትነት ያስፈልጋቸዋል የተባሉ ሰዎች ስም በአንድ መዝገብ ሰፈረ፤ በመዝገቡ ላይ የግዛቱ አቦርጂናሎች ሁሉም ማለት ይቻላል ነበሩበት። በመዝገቡ የተጻፈ ሰው መምረጥ፣ እንደፈለገ መንቀሳቀስ፣ ያለ ፈቃድ ማግባትም ሆነ የአልኮል መጠጥ መግዛት አይችልም። ናማትጂራና ሚስቱ ሩቢና ከመዝገቡ ውጭ ተደረጉ። በብዙ ጽሑፎች ናማትጂራ የአውስትራሊያን ዜግነት ያገኘ የመጀመሪያው አቦርጂናል ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በሕግ አነጋገር ግን የሆነው፣ ሌሎች ላይ የተጣሉት ክልከላዎች ለእሱና ለሚስቱ ብቻ መነሣታቸው ነው። ልጆቹና ዘመዶቹ በሞግዚትነት ሥር እንዳሉ ቀሩ።

ክስና እስራት

ይህ ልዩነት ናማትጂራን በሁለት ሕጎች መካከል አቆመው። የመንግሥት ሕግ ለእሱ መጠጥ መግዛትን ሲፈቅድ ለዘመዶቹ መስጠትን ግን ይከለክላል፤ የሕዝቡ ሕግ ደግሞ ያለውን እንዳይነፍጋቸው ያዝዘዋል።

በ1958 በሞሪስ ሶክ አንዲት ሴት ተገደለች። ናማትጂራ በግድያው ባይከሰስም በሰፈሩ መጠጥ መኖሩ ከእሱ ጋር ተያይዞ ተነሣ። ብዙ ሳይቆይም ሰዓሊ ለሆነና በመዝገቡ ለተጻፈ ዘመዱ አልኮል አቅርቧል ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አድርጎት የስድስት ወር እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ፈረደበት። ፍርዱ በመላ አገሪቱ ቁጣን ቀሰቀሰ፤ ለይግባኙም ከሕዝብ ድጋፍ ጎረፈለት። በይግባኝ ቅጣቱ ወደ ሦስት ወር ሲቀነስ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1959 ጉዳዩን አልቀበልም አለ።

የግዛቶች ሚኒስትር የነበረው ፖል ሃስለክ ቅጣቱን በወህኒ ቤት ሳይሆን ፓፑንያ በተባለው የአቦርጂናሎች መንደር እንዲፈጽም አደረገ። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ በግንቦት ወር ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ግን ጤናውም መንፈሱም ተሰብሮ ስለነበር ብዙም አልሳለም። በኦገስት 8 ቀን 1959 በልብ ሕመምና በሳንባ ምች በአሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በ57 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው ከተማ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ሕጉ ከእሱ ሞት በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1962 አቦርጂናሎች ሁሉ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት አገኙ፤ የደህንነት ድንጋጌው በ1964 ተሻረ። በ1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጪ አቦርጂናሎችን ከሌላው ሕዝብ የሚለዩ የሕገ መንግሥት አንቀጾች እንዲለወጡ ደገፈ። የናማትጂራ መታሰር የሕዝቡን አስተያየት ከለወጡት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ።

የቅጂ መብቱ ጉዳይ

ናማትጂራ በ1957 ሌጀንድ ፕሬስ ከተባለ የአሳታሚ ድርጅት ጋር ውል ተዋውሎ ሥዕሎቹን የማባዛት ፈቃድ ሰጠ። በምትኩ ከሽያጩ ድርሻ ያገኝ ነበር። ሲሞት የቅጂ መብቱ ለሚስቱና ለቤተሰቡ በኑዛዜ ተላለፈ። ይሁን እንጂ ውርሱን ያስተዳድር የነበረው የሰሜናዊው ግዛት የመንግሥት ባለአደራ በ1983 የቅጂ መብቱን በሙሉ ለዚሁ አሳታሚ በ8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ሸጠው። ቤተሰቡ አልተማከረም።

የአውስትራሊያ የቅጂ መብት በዚያን ጊዜ የሚቆየው ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ብቻ ስለነበር የናማትጂራ መብት በ2009 መጨረሻ ሊያበቃ ነበር። በ2005 የሕጉ ዘመን ወደ 70 ዓመት ሲራዘም ግን የእሱም መብት እስከ 2029 መጨረሻ እንዲቆይ ሆነ። ይህም ማለት ከእያንዳንዱ የታተመ ቅጂ የሚገኘው ገንዘብ ለተጨማሪ 20 ዓመት ወደ ቤተሰቡ ሳይሆን ወደ ገዢው ይሄዳል ማለት ነበር። የልጅ ልጆቹ መብቱን ለማስመለስ ለዓመታት ተሟገቱ፤ ከእነሱም ሁለቱ በ2013 ለንደን ድረስ ሄደው አያታቸው ከ59 ዓመት በፊት የተዋወቃትን ንግሥት አገኙ።

በመጨረሻም በኦክቶበር 2017 በነጋዴው ዲክ ስሚዝ አሸማጋይነት የቅጂ መብቱ ቤተሰቡን ወክሎ ለተቋቋመው የናማትጂራ ውርስ ባለአደራ ድርጅት ተመለሰ። ዋጋው አንድ ዶላር ነበር።

ተከታዮቹ

ናማትጂራ ያወቀውን ለብቻው አልያዘም። አምስቱ ወንዶች ልጆቹ ኤኖስ፣ ኦስካር፣ ኢዋልድ፣ ኪትና ሞሪስ ሁሉም ሰዓሊዎች ሆኑ። ዘመዶቹም ከእሱ እየተማሩ የሄርማንስበርግ የአሳሳል ስልት የሚባለውን ፈጠሩ። ይህ ስልት ዛሬም በአሊስ ስፕሪንግስ በሚገኘው ኢልትጃ ንታራ በተባለ የሥዕል ማእከል ይቀጥላል። የስሙ ትርጉም ብዙ እጆች ማለት ነው። በሄርማንስበርግ ያሉ ሴት ሸክላ ሠሪዎችም የአካባቢውን ተራራና ዛፍ በማሰሮዎቻቸው ላይ ይስላሉ።

ናማትጂራ በግዞት በቆየባት ፓፑንያ በ1971 የምዕራብ በረሃ ሥዕል የሚባለው እንቅስቃሴ ተጀመረ። የዚህ እንቅስቃሴ ሰዓሊዎች ከናማትጂራ በተለየ በነጠብጣብና በመስመር የአገራቸውን ታሪክ ስለሚስሉ በመልክ አይመሳሰሉም። ይሁን እንጂ አቦርጂናል ሰው በሥዕል መተዳደር እንደሚችል አስቀድሞ ያሳየው እሱ ነበር።

በ1968 የአውስትራሊያ ፖስታ ምስሉን በቴምብር ላይ አወጣ። የተወለደበት 100ኛ ዓመት በ2002 ሲከበር የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር የሕይወት ዘመን ሥራዎቹን የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። በአሊስ ስፕሪንግስ አቅራቢያ ከእሱ ሥዕሎች ጋር ስማቸው የተያያዘው ሁለት ነጭ ዛፎች ግን በብሔራዊ ቅርስነት ሊመዘገቡ ጥቂት ሲቀራቸው በ2013 መጀመሪያ ተቃጥለው ተገኙ።

የልጅ ልጁ ልጅ ቪንሰንት ናማትጂራ በ2020 የአርቺባልድ ሽልማትን አገኘ። ከ64 ዓመት በፊት ቅድመ አያቱ ተሥሎ በሌላ ሰው እጅ ባሸነፈበት በዚህ ውድድር፣ ራሱ ሥሎ ያሸነፈ የመጀመሪያው የነባር ሕዝቦች ሰዓሊ ቪንሰንት ነው።